ሽኮኮዋና የሐሙስ ጫጩቶች

ሰኞ 5

ትናንት ማታ ዘነበ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውኃው በመኝታ ቤቱ መስኮት ወረደ፤ ባልዲ ደቅኜ አደርኩ። ባለቤቴ ስትኖር በመጥረጊያ እንጨት ትጎረጉረው ነበር። እኔ መሰላል ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ነገ መስኮቱ ፊት ያለውን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ይመጣል። መገላገል ነው።

እሷ አሁንም ታላቅ እህቷ ቤት ናት። የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ቀላል ነገር አይደለም። የስፌቱ ክር ከወጣ ሰንብቷል፤ ቢሆንም የሚያገግም ሰው አይጣደፍም። ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። እህቷ አነሳች።

«ተኝታለች» አለችኝ።

ከኋላ ሳቅ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ይሆናል።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችና ዘጋችው።

ይህን ተረት አልወደውም። ሠላሳ ዓመት በጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ፊት ለቆመ ሰው እንዲህ አይባልም። እንቁላል በሃያ አንድ ቀኑ ካልሄደ አይሄድም።

ማክሰኞ 6

ዛፉ ወረደ። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች «እስክመለስ ዛፉን እንዳትነካው» ብላኝ ነበር። እኔ አልነካሁትም። ቆራጩ ነው የነካው።

ሥራውን ሊጨርስ ሲል «ጋሼ፣ እዚህ አንድ ነገር አለ» ብሎ ጠራኝ። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጋር የቅጠል ጎጆ ወርዷል፤ ውስጡ አንዲት የሽኮኮ ግልገል። ዓይኗ አልተገለጠም፣ ጠጉሯ ገና ስስ ነው፣ ጭራዋ የጫማ ክር ታክላለች። እናቲቱ ዘላ አመለጠች አለኝ። ግልገሏን በባለቤቴ የሱፍ ኮፍያ ጠቅልዬ ወደ ቤት አስገባኋት። ቀዝቅዛ ነበር።

ሙቀት ላይ እኔን የሚያስተምር የለም። የጫማ ካርቶን፣ በካልሲ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ፣ ከጎኑ ቴርሞሜትር። ሲመሽ ሰውነቷ ሞቀ። እንዳትጣበቅ እንደ እንቁላል በየጊዜው አገላበጥኳት። ምግብ አልሰጠኋትም፤ ጫጩት እንኳ ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ቀን አይበላም፣ አስኳሉን በሆዱ ይዞ ነው የሚወጣው።

አመሻሹ ላይ አንዲት ትልቅ ሽኮኮ አጥሩ ላይ ስትሮጥ አየሁ። ጉቶው ጋ ትወርዳለች፣ ትዞረዋለች፣ እንደገና ትወጣለች። ምን እንደጠፋባት እንጃ። ዝናብ እስኪጥል ስትመላለስ ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁት።

ረቡዕ 7

ጠዋት። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ በሯ ላይ እየጠረገች። «መኪና አንዲት ሽኮኮ ገጭቶ ሄደ፤ እዚህ ከአጥራችሁ ሥር» አለችኝ። «ጠርጌ ወሰድኳት።»

አመሰገንኳት። ወደ ሥራ ሄድኩ።

ማታ። የማስፈልፈያውን የእንስሳት ሐኪም በምሳ ሰዓት አማከርኩ። ለአንድ ወዳጄ ነው አልኩት። እሱ የዶሮ ሐኪም ነው።

«ምንቃር ቢኖራት እረዳህ ነበር» አለኝ። «ግን እናቷ በአካባቢው ካለች ችግር የለም። ግልገሏን በሣጥን አድርጎ ዛፉ ሥር ያስቀምጥና ዘወር ይበል። ትመጣና በአፏ አንጠልጥላ ትወስዳታለች።»

«ለወዳጄ እነግረዋለሁ» አልኩ።

«እስካሁን ምን አበላት?»

«ምንም። አስኳሏን ትጨርስ ብሎ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አጥቢ እንስሳ እኮ ናት። ምን አስኳል አላት? ወዳጅህን ቶሎ በል በለው።»

ምሳዬን ትቼ ሄድኩ። ከፋርማሲ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ትንሿን መርፌ አልባ ሲሪንጅ ገዛሁ። ካርቶኑን ስከፍት አልተንቀሳቀሰችም፤ ሆዷ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ አፏን ከፈተች። አንጀቴን በላችው። ጠብታ በጠብታ ሰጠኋት። ማታ ደግሞ ለቡችላ የሚሰጠውን የዱቄት ወተት በጥብጬ አጠጣኋት። እጄ ፈጠነ መሰለኝ፣ ወተቱ በአፍንጫዋ ወጣ። አስነጠሳት። አሁን ስትተነፍስ ትንሽ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ።

ሠላሳ ዓመት። በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በሳምንት። አንድም ቀን እናት የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። በኛ ቤት የሚመጣው ትሪ ነው።

ሐሙስ 8

ዛሬ የፍልፈላ ቀን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጫጩቶቹ ይወጣሉ፣ ማሽኑ ይከፈታል፣ እኔ እዚያ እቆማለሁ። ቀርቼ አላውቅም። ጥርሴን ያስነቀልኩት ረቡዕ ነው። ባለቤቴም ከሐኪም ቤት የወጣችበት ቀን ሐሙስ ስለዋለ እህቷ ናት ያወጣቻት። ምን ላድርግ፣ ቀኑን ሐኪሙ ነው የመረጠው።

ሽኮኮዋ ግን ትንፋሿ አላማረኝም።

ሥራ አስኪያጃችን ጋ ደወልኩ። «ሻለቃ» ነው የምንለው፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አነጋገሩ ነው። ዛሬ አልመጣም፣ ቤት የታመመ አለ አልኩት።

«ባለቤትዎ ባሰባት እንዴ ጋሼ?»

ዝም አልኩ።

«ገባኝ» አለ። ድምፁ ለስልሶ አያውቅም ነበር፣ ለሰለሰ። «ነገንም ይረፉ። ፍልፈላውን ረዳትዎ ይመራዋል። እሷን ያስታምሙ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየሰጠሁ፣ ጭንቅላቷን ቀና እያደረግኩ ዋልኩ። የቀጭ ቀጭ ድምፁ ቀነሰ። ሆዷ ግን ተነፍቷል። በጫጩት ቢሆን አስኳሉ አልተመጠጠም እንላለን። እንዲህ ያለውን ጫጩት አናስቀምጥም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ዓርብ 9

እንግዶች መጡ። የኔ ዝም ነቀዘ።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ጫጩቶቹን ወንድና ሴት ብላ የምትለየዋ ባልደረባችንና ረዳቴ ናቸው። እሷን «ለዪዋ» ነው የምንላት። ፊታቸውን የሐዘን አስመስለው፣ ብርቱካን በከረጢት ይዘው ቆመዋል። እኔ አንገቴ ላይ ፎጣ፣ በእጄ ሲሪንጅ።

«እንዴት ናት?» አለች ለዪዋ በሹክሹክታ።

«አሁን በላች» አልኩ።

«ተመስገን። ገብተን ዓይኗን እንይ።»

«ዓይኗ ገና አልተገለጠም» አልኳቸው።

ረዳቴ ኮፍያውን አወለቀ። ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፣ ስድስት ልጅ ያሳደገ፤ እንባው ዓይኑ ጥግ ደርሶ ነበር። ከዚህ በላይ ማስኬድ ግፍ ስለሆነ ካርቶኑን አሳየኋቸው።

ሁለቱም ወደ ካርቶኑ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። ከዚያ ረዳቴ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ፤ መልሶ መውሰዱን ያሰበበት ይመስለኛል።

ለዪዋ ሽኮኮዋን አንስታ እንደ ልማዷ ገለበጠቻትና በአንድ እይታ «ሴት ናት» አለች። ከዚያ በር ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ምን መብላት እንደምትችል ለመጠየቅ ጠዋት ባለቤትዎ ጋ ደውዬ ነበር።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ብርቱካን እወዳለሁ› አለችኝ።»

ማታ። ስልኩ ጮኸ። ከሐኪም ቤት ከወጣች እሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

«ታምሜአለሁ አሉ» አለች። «እንዴት ዋልኩ?»

«ደህና ነሽ» አልኩ።

«ማነው የታመመው?»

«ሽኮኮ።»

«ሥራ ቀረህ?»

«ሁለት ቀን።»

«ሐሙስን ጨምሮ?»

«ሐሙስን ጨምሮ።»

የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልዘጋችም። ቀጥላ፣ የቧንቧ ሠራተኛ በምታናግርበት ድምፅ፣ «ትሸናለች?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሆዷ ተነፍቷል።»

«የት ታውቃለህ። ጫጩት አይደለችም። እንዲህ ያለች ሕፃን እናቷ ካልላሰቻት መሽናት አትችልም። ጥጥ ለብ ባለ ውኃ አርጥብና ከሆዷ በታች ቀስ ብለህ ዳብሳት። ስልኩን አትዝጋ።»

ስልኩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እንዳለችኝ አደረግኩ። መጀመሪያ ምንም። «አትቸኩል» አለች፣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ የምታይ ይመስል። ከዚያ መጣ። ጥጡን ቀየርኩ፣ አሁንም መጣ። ሆዷ እጄ ላይ ሲጎድል ተሰማኝ። አንድ ጊዜ እግሯን ዘረጋችና ተኛች።

«ሸናች» አልኩ።

«ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ» አለች። ዘጋችው።

ቅዳሜ 10

ደወለች። ሸናች ወይ አለች። ሸናች አልኩ። ዘጋችው።

ማክሰኞ 13

ሽኮኮዋን በሸሚዜ የደረት ኪስ ይዤ ሥራ ገባሁ። አሁን ምን የሚደበቅ አለ? እጅ ከፍንጅ ተይዤ የለ። ሻለቃው ቢሮው ጠራኝ።

«ፈቃዱን የሰጠሁት ለሽኮኮ ነው?»

«አልዋሸሁም» አልኩ።

«አልተናገሩም» አለ። ከዚያ ኪሴን አየ። ጭራዋ ወጥታለች። «የሠራተኛ ቆብ ሳያደርግ ወደ ማሽን ክፍል የሚገባ የለም፤ እሷንም ይጨምራል» ብሎ አሰናበተኝ። ካርቶኗ ከለዪዋ ጠረጴዛ ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ለዪዋ በአንድ እጅ ጫጩት፣ በአንድ እጅ ሲሪንጅ ይዛ ስትሠራ አየኋት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው ማሽን ላይ የጎደለኝ።

ዓርብ 16

ባለቤቴ በየማታው ትደውላለች። ስለ ሽኮኮዋ ብቻ ነው። ምን ያህል ጠባች፣ ሸናች ወይ፣ ትንፋሿስ። መልሱን ስትሰማ ትዘጋለች።

ዛሬ ስለ ራሴ ሁለት ነገር ልጨምር አዘጋጅቼ ነበር፦ ጉልበቴንና አሸንዳውን። የአሸንዳው ወሬ ወደ ዛፉ ይወስዳል፣ ተውኩት። ጉልበቴን አመመኝ አልኳት።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ቀጥላ «ሽኮኮዋን ከየት አገኘሃት?» አለች።

«ከግቢ።»

«ከግቢ የት?»

«መሬት ላይ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 22

ዓይኗ ተገለጠ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጎመን ዘር የሚያክል። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ያለ መሰለኝ።

«መጀመሪያ ማንን አየች?»

«ለዪዋን።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ማሽን ላይ።»

«ለካ ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። ፈገግታው ሄደ። ቆይታ፣ ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ አለች።

ሽኮኮዋን ነው ያለችው። ቢሆንም ትመጣለች።

ዓርብ 23

ቤቱን አጸዳሁ። ምጣድ ፈገፈግኩ። ከዚያ ግቢው። ጉቶው ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀመጥኩ፤ የአበባ ማሰሮ ያለበት ጉቶ መሰለ። አንሶላ አጥቤ በገመድ ላይ ዘረጋሁ፣ ከመስኮቱ ትይዩ። ንፋስ ሲመጣ ይገለጣል። ንፋስ ባይመጣ።

ቅዳሜ 24

ንፋስ አልመጣም። እሷ መጣች።

ከስታ ነበር የሄደችው፤ ፊቷ ተመልሷል። እዚያ ቤት በደንብ ይበላል ማለት ነው። ኮቷን አላወለቀችም። መኝታ ቤት ገብታ ካርቶኑን ሳታይ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ብርሃኑ በዛ» አለች።

አንሶላውን አየች፣ ማሰሮውን አየች። መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሽኮኮዋን በመዳፏ ወሰደቻት። ሽኮኮዋ አውራ ጣቷን አቀፈች። የኔን አውራ ጣት አቅፋ አታውቅም።

«እናቷስ?» አለች፣ ከሽኮኮዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ዛፉን፣ ጎጆውን፣ ግልገሏን በእሷ ኮፍያ ጠቅልዬ ማስገባቴን። እናቲቱ አጥሩ ላይ እየተመላለሰች ስትፈልጋት ማየቴን። መጋረጃውን መዝጋቴን። ጠዋት አስተማሪዋ የነገረችኝን።

«እናቷ ተመልሳ ትፈልጋታለች ብዬ አላሰብኩም» አልኩ። «ጉቶው ሥር ባስቀምጣት መጥታ ትወስዳት ነበር። ከመስኮት እያየኋት እኮ ነው። አላሰብኩም።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ እወዳለሁ፣ ያልቃል። እሷ ግን እንደ ወሬ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከሐኪም ቤት በወጣሁ ቀን» አለች፣ «እህቴ ልብሴን ታስራለች። ነርሷ መጣችና ‹ባለቤትሽ የታሉ?› አለችኝ። ‹ጫጩት ላይ ናቸው› አልኳት። ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነው። እኔም ሳቅኩላት። መኪናው ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት፤ ስፌቱ እየሳበኝ። ደውለህ ‹ሐሙስ ስለሆነ ነው› አልከኝ። ሐሙስ መሆኑን እኔ አጣሁት? አሁን ለሽኮኮ ስትቀር ጊዜ፣ ለካ ይቀራል አልኩ። መቅረት የሚችል ሰው ነው ለካ።»

ተነሳች። ካርቶኑን፣ ሲሪንጁን፣ ወተቱን አነሳች። «እህቴ ግቢ ዛፍ አለ» አለች። «እዚህ ምን አለ? ማሰሮ። የማታው ምግብ ያንተ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ትበላለች። ከዘገየህ አትጠብቅህም።»

ብርቱካኑን ስሰጣት ተቀበለችኝ። አንድ ሁለቱ ሻግቷል።

እሑድ 25

ካርቶኑ የነበረበት ጠረጴዛ። ቴርሞሜትሩን ረስታዋለች። የክፍሉን ሙቀት ያሳያል።

ሰኞ 26

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። እህቷ ከፈተች። «ለማን ነው የመጣኸው?» አለችኝ። «ለሽኮኮዋ» አልኩ። «እሱንማ እሷም ትላለች» ብላ አስገባችኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ስታይ ነበር። «አሁን ፍጥነቱ ልክ ነው» አለች። ሽኮኮዋ ጠጥታ ጢሟን ጠረገች።

ሐሙስ 29

ፍልፈላው ዘገየ። ጥሩ ፍልፈላ ነበር፣ ከጠበቅነው በላይ። በሩን እህቷ ከፈተች።

«በልታለች።»

«ባለቤቴስ?»

«ሁለቱም ተኝተዋል።»

መስኮቱ ላይ ግን መብራት ይታይ ነበር።

ሐሙስ 6፣ አዲስ ወር

ጫጩቶቹ ገና ከትሪው አልወጡም። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ለረዳቴ ሰጠሁት። አልተቀበለም፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ምንም። እኔ ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ወደ ቤት» አልኩ። ቤት ያልኩት የእህቷን ቤት ነው።

«ከሃያ ዓመት በኋላ አሁን ይሰጠኛል?» አለና ቁልፉን ወሰደ፤ አንገቱ ላይ ሲያጠልቀው ቀና አለ። በር ላይ ሆኜ ስለ እርጥበቱ ልነግረው ዞርኩ። «አውቃለሁ፣ ይሂዱ» አለኝ።

ቀድሜ ደረስኩ። ባለቤቴ ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየችኝ። ሲሪንጁን አሙቃ ነው የሰጠችኝ።

ሐሙስ 20

ሽኮኮዋ ነከሰችኝ። ለውዝ ትሰብራለች፣ መጋረጃ ላይ ትወጣለች፣ የእህቷን የሹራብ ክር ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ጎጆ ሠርታለች። እህቷ በየቀኑ ነገ አባርራታለሁ ትላለች፤ በየቀኑ ለውዝ ትገዛለች። ሲሪንጅ ከቀረ ሰነበተ። የማታው ምግብ ያንተ ነው የተባለው ግን አልተነሳም፤ ማንም አላነሳውም፣ እኔም አላስታወስኳትም። ለውዝ ይዤ እመጣለሁ።

ዛሬ ደግሞ እንደ ቀልድ «ቤቱ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ብርሃን በዝቶበታል» አልኩ።

ሳቀች። በአፍንጫዋ ነው፤ ግን ሳቀች።

እሑድ 30

«ያንን ጉቶ ንቀለው» አለችኝ ስወጣ። «ከጎኑ ጉድጓድ ቆፍር። ችግኙን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«መቼ ትመርጪያለሽ?»

«ቆፍር አልኩህ።»

ማክሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ጉቶው ለሁለት ቀን ታገለኝ። ጎረቤቴ አስተማሪዋ ከአጥር ማዶ እያየች «ሲቆረጥ ግማሽ ቀን ነው የፈጀው» አለችኝ። አስተማሪ ናት፣ ሂሳብ ይሆናል ያስተማረችው። ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ጉልበቴ ተቃጠለ። አልተቀመጥኩም።

እሑድ 7

ሽኮኮዋን ለቀቅናት። የእህቷ ግቢ ዛፍ ላይ ሣጥን ሰቅለንላት ነበር፣ ክፍት። እሷ ሣጥኑን አላየችውም። ከባለቤቴ ትከሻ ግንዱ ላይ፣ ከግንዱ ቅርንጫፍ ላይ። አንዴ ቆማ ወደ ታች ያየችን መስሎኝ ነበር፤ ለውዙን ነው ያየችው። ከዚያ ቅጠሉ ውስጥ ገባች።

ሦስታችን አንገታችንን ቀና አድርገን ቆየን። ከዚያ ባለቤቴ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔም አላስቻለኝም። ለዚች ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት፤ አጥሩ ላይ ስትመላለስ የነበረችውም ነበረችበት።

ልሰናበት ስል ነው ያሰብኩት፤ ከነገ ጀምሮ ወደዚህ ቤት የምመጣበት ምክንያት የለም። በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴም ይህንኑ ያሰበች ይመስለኛል።

«የሐኪም ቤት የክትትል ቀጠሮዬ ደርሷል» አለች። «ሐሙስ፣ 18።»

ሐሙስ የሚለውን ቀስ አድርጋ ነው ያለችው። ዓይኔን አላየችም፤ ዛፉን ነበር የምታየው።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሰኞ 15

ሻለቃው ጋ ገባሁ። ሐሙስ አልመጣም አልኩት።

«ሽኮኮዋ አገረሸባት?»

«የለም። ባለቤቴን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።»

«ባለቤትዎን» አለ። «ሰውዬዋን?»

«ሰውዬዋን።»

«ብርቱካን ይላክ?» አለ ለዪዋን በመስኮት እያየ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ደህና ሰው ነው።

ሐሙስ 18

በጠዋት ከእህቷ ቤት ወሰድኳት። አንድ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። ለቀጠሮ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ፤ በአፌ አላልኩትም። ስቀበላት ከባድ ነው። እህቷ በር ላይ እጆቿን አጣምራ «እንቁላል» አለችኝ። ተረቱን አልጨረሰችውም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ አያት፣ ድናለች አለ። ስንወጣ አንዲት ነርስ ባለቤቴን አውቃ ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እኚህ ናቸው?» አለች። «ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው?»

ሰዓቴን አየሁ። በዚህ ሰዓት ማሽኑ ተከፍቷል፣ ትሪዎቹ ወጥተዋል። ስንት እንደተፈለፈሉ፣ ስንት እንደቀሩ።

«አላውቅም» አልኳት።

ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ ነበር። ክንዴን ያዘች። ደረጃው ስለሚያዳልጥ ይሆናል፤ ግን ደረጃው ካለቀም በኋላ አለቀቀችም።

ታክሲ ያዝን። ወደ እህቷ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ሲቃረብ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ነው የምንታጠፈው?» አላት።

«ቀጥታ ነው» አለችው።

ቦርሳው አሁንም ጭኔ ላይ ነበር።